ድንኳን ያለው እድር ሲሊንደርም ይኑረው

ለአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ እድሮች፣ ጎረቤቶችና አሠሪዎች የቀረበ ጥሪ



በየሰፈራችን በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ አድርገው፣ ሌት ተቀን ከሚሠራ የኦክሲጅን ማሽን ጋር የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ሳንባቸው ከታመመ ዓመታት አልፈዋል። ከቤት ብዙም ስለማይወጡ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም አናያቸውም፤ የአንዳንዶቹን መታመም የምንሰማው ጡሩምባ ሲነፋ ነው። ያን ጊዜ እድራችን ይነሳል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ገንዘቡም ሳይጓደል ለቤተሰቡ ይደርሳል። ይህ የምንኮራበት ነገር ነው። የዛሬው ጥሪ ያው እድር ጡሩምባው ሳይነፋ እንዲነሳ ነው።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ እድር ከድንኳኑና ከድስቱ ጎን ቢያንስ አንድ የተሞላ የሕክምና ኦክሲጅን ሲሊንደር ከነሬጉሌተሩ (ከነግፊትና ፍሰት መቆጣጠሪያው) ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋም ማሽን ላይ ላለው አባል ቤት ያድርስ።

ሕሙማኑ የሚጠቀሙበት፣ ኮንሰንትሬተር የሚባለው ማሽን ኦክሲጅን አያጠራቅምም። የክፍሉን አየር ስቦ ዚዮላይት በተባለ ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ በአየር ውስጥ 21 በመቶ ብቻ የነበረው ኦክሲጅን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ በቱቦው ይወጣል። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጠው የተለመደው ዓይነት ከ300 እስከ 350 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚበላው አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ችግሩ ያለው መቋረጡ ላይ ነው። መብራቱ እልም ሲል ኦክሲጅኑም በዚያው ያበቃል። ማሽኑ መጮህ ይጀምራል። በሽተኛው ተነስቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ክንዶቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሹሎ፣ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ያወጣል። ከቤተሰቡ አንዱ የስልክ ባትሪ ያበራል፣ አንዱ ወደ መብራት አገልግሎት 905 ይደውላል፣ አንዱ ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል።

በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማሽንም አለ። እሱን ያገኘ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ መስጊድ ይሄዳል፣ የሐኪም ቀጠሮው ላይ ይደርሳል። ባትሪው ግን ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ መብራት ጠፍቶ ላደረበት ሌሊት አይበቃም። ብዙዎቹም ኦክሲጅን የሚለቁት በሽተኛው አየር ሲስብ ብቻ ስለሆነ በእንቅልፍ ሰዓት ለሁሉም በሽተኛ አይሆኑም።

ሲሊንደርን ያነሳነው ለዚህ ነው። 40 ሊትር የሚይዘው ትልቁ በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይኖረዋል። በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው 50 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ቀን ከሁለት ሰዓት ነው። አንድ ጎረምሳ ተሸክሞት የሚሄደው የ10 ሊትሩ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ያቆያል፤ አንድ ሌሊት ያሳድራል። ለአንድ ቤተሰብ ከባድ የሆነው ወጪ ለመቶ አባወራ ሲካፈል የሚቻል ነው።

ጉዳዩ በተለይ የእኛ የሆነበት ምክንያት አለ። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ አገር ነው፤ ዕድሜያቸውን በጥጥ፣ በብረትና በዱቄት ብናኝ መሀል ያሳለፉ ጡረተኞች እዚሁ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመ ጥናት በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ቢሲኖሲስ የተባለውን የጥጥ ብናኝ በሽታ አግኝቷል። ይህ በሽታ መጀመሪያ የሚታወቀው ሰኞ ነው። ሠራተኛው እሑድን አርፎ ሲገባ ደረቱ ይጨነቃል፤ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይቀለዋል። ዓመታት ሲሄዱ ግን ሰኞም ሐሙስም አንድ ይሆናሉ። በማገዶና በኩበት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶችን፣ ከሳንባ ነቀርሳ ድነው ጠባሳው የቀረባቸውን፣ ለዓመታት ያጨሱትንም ጨምሩ። የምንኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ለደከመ ሳንባ ይህም ሌላ ሸክም ነው።

«ኦክሲጅኑ ቀን ከመቁጠር በቀር ምን ይፈይዳል?» የሚል ካለ መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው የብሪታንያ ጥናት የደማቸው ኦክሲጅን እጅግ የወረደ የሳንባ ሕሙማንን ተከታትሏል። በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክሲጅን ከወሰዱት 42 ሰዎች መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ የሞቱት 19 ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 45 ሰዎች ግን 30 ሞተዋል። በተቃራኒው የኦክሲጅናቸው መጠን መጠነኛ ቅናሽ ብቻ ላሳየ ሕሙማን ዕድሜ እንደማይጨምር እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ማን እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ለክቶ ያየው ሐኪም ነው። የእድሩ ድርሻ ሐኪሙ ያዘዘው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው።

ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው የሚከተለው ነው።

እድሮች፦ ማሽን ላይ ያሉ አባሎቻችሁን መዝግቡ፤ ከስማቸው ጎን ሐኪሙ በደቂቃ ስንት ሊትር እንዳዘዘላቸው ይጻፍ። ሬጉሌተር መግጠም የሚችሉ ሁለት ወጣቶች መድቡ፤ አገጣጠሙን ሲሊንደሩን ከሚሞላላችሁ ድርጅት ወይም ከጤና ባለሙያ ይማሩ። ሲሊንደሩ ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ አየር በሚገባበት ክፍል ይቀመጥ፤ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) በየወሩ ስብሰባ ይታይ። ዘይትና ግሪስ አይንካው። ቃሊቲ ብየዳ ቤት በብየዳ ቤት ነውና አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ በጭንቅ ሰዓት የብየዳ ሲሊንደር ለበሽተኛ እንዳታመጡ። ለሕክምና የሚሞላው ንጽሕናው ተጠብቆና ተፈትሾ ነው። በሽተኛው ቢጨነቅ እንኳ መጠኑን ከታዘዘው በላይ አትክፈቱ፤ በአንዳንድ የሳንባ ሕሙማን ኦክሲጅን ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ይጠራቀምና ራሳቸውን ያስታል። ካልተሻለው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ጎረቤቶች፦ ጄኔሬተር ያላችሁ አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ አውሱ፤ 350 ዋት ጄኔሬተራችሁን አይጎዳውም። ጄኔሬተሩ ግን ሁልጊዜ ከቤት ውጭና ከመስኮት ርቆ ይነሳ፤ ጭሱ ይገድላል። በሽተኛውን ስትጠይቁ ከሰሉ ደጅ ይቅር፤ ቡናው ውጭ ተፈልቶ ይግባ፤ እጣን አይጨስ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ወይም ኩራዝ ይዛችሁ አትግቡ። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያንቦገቡጋል፤ እሳት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። በታክሲና በባቡር ትንሿን ማሽን የያዘ ሰው ሲገባ ወንበር ልቀቁለት፤ ረዳቶችም እስኪቀመጥ ጠብቁት።

ፋብሪካዎችና ወርክሾፖች፦ ብናኙን ከሚወጣበት ማሽን ላይ የሚስብ መሣሪያ ግጠሙ፤ ለሠራተኛ ማስክ መስጠት ብቻ አይበቃም። ብናኝ ላይ የሚሠሩትን በዓመት አንድ ጊዜ የትንፋሽ ምርመራ አስደርጉ፤ ሰኞ ሰኞ ደረቴን የሚል ሠራተኛ ካለ ቦታ ቀይሩለት። የጡረተኞቻችሁ እድር ሲሊንደር ሲገዛም እጃችሁን ዘርጉ።

የመብራት አገልግሎት፦ የሰፈራችን እድሮች በኦክሲጅን ማሽን የሚኖሩ ደንበኞችን ዝርዝር ይዘው ወደየዲስትሪክቱ ይመጣሉ። ዝርዝሩን ተቀበሉ፤ ለጥገና የምታቋርጡበትን ቀንና ሰዓት ለእነዚህ ቤቶች አስቀድማችሁ በስልክ አሳውቁ፤ ብልሽት ሲደርስም መስመራቸውን አስቀድሙ።

ጤና ተቋማትና ጤና ቢሮ፦ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የሕክምና ኦክሲጅን ተደራሽነት እንዲሰፋ ውሳኔ አሳልፏል። ተደራሽነቱ ከሆስፒታል አልጋ አልፎ ቤት ድረስ ይምጣ። በሽተኛው ወደ ቤቱ ሲሸኝ የታዘዘለት መጠን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድና መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠው። የሰፈር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እነዚህን ቤቶች በጉብኝታቸው ያካትቱ።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖች፦ ማሽን ለመላክ ስታስቡ ሦስት ነገር አረጋግጡ። በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ይሠራ፤ የአሜሪካ ቤት ማሽን በ120 ቮልት ስለሚሠራ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ እንዲሠራ የተፈቀደ ይሁን። መለዋወጫ ፊልተሩና የአፍንጫ ቱቦው (ካኑላው) አብረውት ይምጡ። ማሽን ለመላክ ለማይመቸው፣ የአንድ ሲሊንደር ዋጋ ለትውልድ ሰፈሩ እድር መላክም ትልቅ ነገር ነው።

የእድር ዳኞች ሆይ፤ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ የሚከተለውን አጀንዳ አስይዙ። ጸሐፊው እንዳለ ወደ ቃለ ጉባኤው ሊገለብጠው ይችላል፦

«እድራችን ለአባላት አገልግሎት የሚውል አንድ የሕክምና ኦክሲጅን ሲሊንደር ከነሬጉሌተሩ እንዲገዛ፤ መሙያው ከመደበኛው መዋጮ እንዲሸፈን፤ ሁለት ተረኛ ወጣቶች ተመርጠው ስልካቸው ለሁሉም አባል እንዲደርስ፤ በኦክሲጅን የሚኖሩ አባላት ዝርዝር በአንድ ወር ውስጥ ተዘጋጅቶ ለመብራት አገልግሎት ዲስትሪክትና ለጤና ጣቢያ እንዲገባ በሙሉ ድምፅ ወስነናል።»

ገንዘብ ያዡ እስከ ስብሰባው ድረስ ከሁለት ቦታ ዋጋ ይጠይቅ። አባላትም ስብሰባው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በግቢያችሁ ወይም በመንገዳችሁ ማሽን ላይ ያለ ሰው ካለ ዛሬ በሩን አንኳኩ፤ መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚደርስለት ጠይቁት፤ «ማንም» ካለ የእናንተን ስልክ ቁጥር ጽፋችሁለት ውጡ።