የአማርኛው መደርደሪያ ለምን ባዶ ሆነ? የሰፈር ቤተ መጻሕፍትና የማኅበረሰባችን አንባቢዎች

ከሰዓት በኋላ ነው። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ሰፈሩ «ሲፍሪያ» ይገባሉ። ልጁ በቀጥታ ወደ ሕፃናቱ መደርደሪያ ይሮጣል፤ እርሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ሦስት መጽሐፍ ታቅፎ ሲመለስ እርሳቸው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው እንደ ኔታንያ፣ ቂርያት ማላኪ፣ ረሖቮትና አሽከሎን ባሉ ከተሞች እንዲህ ያለው ነገር ለማንም እንግዳ አይደለም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ያስነሳል፤ እኚህ አያት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተቀመጡት እንደ ባለመብት ነው ወይስ እንደ አጃቢ?

በሕግ ዓይን መልሱ ግልጽ ነው። እስራኤል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ2007 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ አገልግሎቱ ለነዋሪው በነፃ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ አፈጻጸሙም ደረጃ በደረጃ ቀጠለ። በአንዳንድ ቦታ «ፒካዶን» የሚባል ተመላሽ የመያዣ ገንዘብ ይጠየቃል። ለቤተ መጻሕፍቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚመጣው ከሁለት ኪስ ነው፤ ከባህልና ስፖርት ሚኒስቴርና ከማዘጋጃ ቤቱ። የማዘጋጃ ቤቱ ኪስ ሲሳሳ የሥራው ሰዓትና የሚገዛው አዲስ መጽሐፍም አብሮ ይሳሳል።

ነገር ግን መብት በወረቀት ላይ መስፈሩና ባለቤቱ ማወቁ ለየቅል ናቸው። ዛሬም ቤተ መጻሕፍት የወር ክፍያ የሚጠይቅ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ሌሎች ደግሞ ነፃ መሆኑን እያወቁ፣ ልጁ መጽሐፉን ቢቀድ ወይም ቢጥል የሚመጣውን ዕዳ ፈርተው ካርዱን ሳያወጡ ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ የሚያርቀው የፍላጎት ማጣት ሳይሆን ይህ ስጋት ነው።

ለሦስት ትውልድ ሦስት ዓይነት ቤት

አንዱ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም አንድ አይደለም። ለወጣቱ ከመጽሐፉ ይልቅ ጠረጴዛውና ጸጥታው ይበልጣል። ሦስት ወንድማማቾች አንድ ክፍል በሚጋሩበት ቤት ለባግሩት ወይም ለፕሲኮሜትሪ መዘጋጀት ከባድ ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ምሽት ላይ ቀድሞ ሲዘጋ ጉዳቱ ሰፊ ቤት ካለው ተማሪ ይልቅ በዚህ ልጅ ላይ ይበረታል። ከጥቅምት 2023 ወዲህ በነበሩት የጦርነት ጊዜያት፣ በፒኩድ ሃኦሬፍ መመሪያ ምክንያት በሮች ሲዘጉ ይኸው ልዩነት ጎልቶ ታይቷል። አንዳንድ ወጣቶች ሌላም ቅሬታ አላቸው፤ ጠባቂው ከሌላው ይልቅ የእነሱን ቦርሳ አጥብቆ ሲፈትሽ ይሰማቸዋል። በር ላይ እንደ ተጠርጣሪ የታየ ልጅ ውስጥ ገብቶ እንደ ባለቤት መቀመጥ ይከብደዋል።

ለወላጆች ነገሩ ሌላ ነው። ከ2009 ጀምሮ «ሲፍሪያት ፒጃማ» የተባለው ፕሮግራም በጋን በኩል ለሕፃናት የዕብራይስጥ መጽሐፍ በነፃ ወደ ቤት ይልካል። ልጁ ማታ መጽሐፉን ይዞ «ኢማ፣ አንብቢልኝ» ይላል። ዕብራይስጥ መናገር እንጂ ማንበብ የሚያዳግታት እናት በዚያች ቅጽበት ታፍራለች። ማፈር ግን አይገባትም፤ ሥዕሉን እያሳየች ታሪኩን በአማርኛ ብትነግረው ልጁ ቋንቋም ቃላትም፣ የእናቱን ድምፅም ያገኛል። ይህን ደግሞ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለዚህ ምቹ ቦታ ላይ ናት።

ስለ አረጋውያን ሲነሳ «እነሱ እኮ አያነቡም» የሚል ፈጣን መልስ ይሰማል። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች በ1984ና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት መካከል ፊደል ያልቆጠሩ ብዙዎች መሆናቸው እውነት ነው። በዚያ አገር መጽሐፉ ያለው በቄሶቹ ዘንድ፣ በግዕዝ ነበር፤ ሌላው ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፍ ነበር። ይሁን እንጂ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማሩም አሉ። ከዚያ በኋላ ጎንደርና አዲስ አበባ ለዓመታት ጠብቀው፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ ተከታትለው የመጡ ኦሊምም ብዙ ናቸው። እነዚህ አንባቢዎች ናቸው፤ የጎደላቸው መጽሐፉ ነው።

ባዶው ባዶን ይወልዳል

ይህ የሚሆነው በማንም ክፋት ላይሆን ይችላል። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚገዛው ፍላጎትን አይቶ ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ያልተዋሱት መጽሐፍ ከመደርደሪያው ይወርዳል። አማርኛ አንባቢው ገብቶ በቋንቋው ምንም ሲያጣ ዝም ብሎ ይወጣል። ዝምታው ኮምፒውተር ላይ አይመዘገብም። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ሲታይ «በአማርኛ የጠየቀ የለም» ይላል፤ ስለዚህ አይገዛም። በልገሳ የተገኙ ጥቂት ያረጁ መጻሕፍት ቢቀመጡ እንኳ የሚዋሳቸው ሲጠፋ «አማርኛ አንባቢ የለም» ለሚለው ድምዳሜ ማስረጃ ይሆናሉ።

የአቅርቦቱም ችግር አለ። አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው፤ በተለመደው የእስራኤል መጽሐፍ ነጋዴ በኩል በቀላሉ አይገኝም። ቢገኝም የሚመዘግበው ሠራተኛ ፊደሉን ካላወቀ ርእሱን በዕብራይስጥ ሆሄ በግምት ይጽፈዋል። አንባቢው በአንድ አጻጻፍ ሲፈልገው መዝገቡ በሌላ አስገብቶታል፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ «የለም» ይባላል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ንጽጽር ከሩሲያኛ ጋር ነው። በብዙ ከተሞች ሰፊ የሩሲያኛ ክፍል አለ። በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጣው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል፤ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ከ160 ሺህ በላይ ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ያመጣው ቁጥር ብቻ አይደለም። እነዚያ ከቤተ መጻሕፍት ልማድ ጋር መጡ፤ መጽሐፍ ሲያጡ የት ሄደው ማን ፊት እንደሚጠይቁ ያውቁ ነበር። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባሉ ያደጉ ናቸው።

ከሌቪንስኪ የሚገኝ ትምህርት

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየ ሙከራ በ2009 በደቡብ ቴል አቪቭ ተጀምሯል። በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው አቅራቢያ ባለው የሌቪንስኪ መናፈሻ ለውጭ አገር ሠራተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች የአትክልት ስፍራ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ግድግዳም በርም አልነበረውም፤ በር ስለሌለው በር ላይ የሚያቆም የለም። መጻሕፍቱ በብዙ ቋንቋ ነበሩ፤ አማርኛም ነበረበት። አደራደሩም የተለየ ነበር፤ በደራሲ ስም ሳይሆን አንባቢው መጽሐፉ ምን እንዳሳደረበት በሰጠው አስተያየት፣ አስደሳች፣ አሰልቺ፣ አሳዛኝ እየተባለ በቀለም ይለያል። እዚያ አንባቢው አስተያየቱ የሚቆጠርለት ሰው ነበር።

በሌላው ጫፍ በጥቅምት 2023 መጨረሻ ከክኔሴት ፊት ለፊት አዲሱ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ተከፍቷል። በእስራኤል የሚታተም መጽሐፍ ቅጂው ወደዚያ እንዲገባ ሕግ ያዛል። ስለዚህ የሱዳኑን ጉዞ በአማርኛ ጽፎ እዚህ አገር ያሳተመ ሰው ሥራው ለትውልድ የሚጠበቅበት ቦታ አለው። መጠበቅና መነበብ ግን አንድ አይደሉም። ኢየሩሳሌም የተቀመጠ መጽሐፍ ለቂርያት ጋቷ አያት ሩቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለብቻው «የኢትዮጵያውያን ጥግ» ማቆም የሚለውን ሐሳብ የሚፈሩ ወጣቶች ምክንያት አላቸው፤ እዚህ አገር ተወልደው እንደገና ወደ ጥግ መገፋት አይፈልጉም። መልሱ መደርደሪያው የቋንቋ እንጂ የሰው መለያ እንዳይሆን ማድረግ ነው። እንግሊዝኛና ሩሲያኛ ባሉበት ረድፍ አማርኛም ይቀመጥ። ማንበብ ለማይችሉ የድምፅ ቅጂ ይዘጋጅ። በወር አንድ ቀን የተረት ሰዓቱን አንዲት አያት ትምራው፤ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ይበሉ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ከአንባቢው በኩልም የሚጠበቅ አለ። ካርድ ማውጣት፣ የፈለጉትን መጽሐፍ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ዕብራይስጡ ካስቸገረ ልጅን ወይም መጋሼር ይዞ መሄድ። አሥር ሰው አንድ መጽሐፍ ቢጠይቅ አሥሩም ይመዘገባል፤ መዝገብ ደግሞ በጀት ሲከፋፈል ይታያል። ስለ ዝንቡ የተነገረው እንዳለ ሆኖ፣ አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለውም ነበር። በዚህ ጉዳይ የሚበጀው ሁለተኛው ነው።