ሁለት ድርጅት፣ አንድ መኪና… እኛስ?

ዛሬ ስለ መኪና እናውጋ። የከሚሴ አስፋልት የባጃጅ፣ የአይሱዙና የሚኒባስ ነው፤ «ስለ ስፖርት መኪና ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ያገባናል!

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቶዮታና ሱባሩ አንድ ስፖርት መኪና አብረው ሊሠሩ በ2008 ተስማሙ። መኪናው በ2012 ገበያ ወጣ፤ ቶዮታ «86»፣ ሱባሩ «ቢአርዜድ» አሉት። ሱባሩ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙበትን ቦክሰር ሞተር አመጣ። ይህ ሞተር ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የመኪናው ክብደት ወደ መሬት ይጠጋል፤ ኩርባ ላይ አይንገዳገድም። ቶዮታ ደግሞ ቅርጹንና ነዳጅ በሁለት መንገድ የሚረጨውን ዘዴውን ጨመረ። ሥራው በሱባሩ ፋብሪካ አለቀ፤ 2 ሊትር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ የሚገፋውም በኋላ ጎማ።

አቀባበሉስ? አያያዙን የነዱት አወደሱት። «ጉልበት ያንሰዋል፣ ቱርቦ ይግባለት!» የሚለው ጩኸት ግን አላባራም። ሞተሩ 4,000 ዙር አካባቢ ላይ ደከም ይል ነበር። እኛ ወቃሾቹን በከፊል እንረዳቸዋለን። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጉልበቱን አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል። ከከሚሴ ተነስቶ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን ሲወጣ፣ ከ200ው ፈረስ 140 ያህሉ ቢቀር ነው! መሐንዲሶቹ ታዲያ ቱርቦ አልገጠሙም። በ2021 ሞተሩን ወደ 2.4 ሊትር አሳድገው ያንን ድካም ሞሉት። ወቀሳውን ሰሙ፤ የመኪናውን ጠባይ ግን አልሸጡም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2005 የተቋቋመው የኢትዮጵያና የሆላንዶች ሽርክና ሆላንድ ካር፣ መኪኖቹን በወንዞቻችን ስም ይጠራ ነበር። «አባይ» የተባለው የቻይናው ሊፋን 520 ነው፤ ስሙ የእኛ፣ ንድፉ የሰው። ድርጅቱ ኋላ ከስሮ ተዘጋ። መገጣጠም ለጀማሪ ነውር አይደለም። ነውሩ እዚያው መቅረት ነው።

ይህን ዛሬ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ኤሌክትሪክ መኪናም አገር ውስጥ እየተገጣጠመ ነው። አዲስ ውል፣ አዲስ ሸሪክ ይመጣል ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ማን የትኛውን ድር እንደሚፈትል ውሉ ላይ ይጻፍ!

እኛ ምን አለን? መንገዱ አለን። ኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ ላይ በአየር እጥረት አይደክምም፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከጣርማ በር ብርድ እስከ ከሚሴ ሙቀት ያለው ጎዳና ባትሪን፣ ፍሬንንና ባሌስትራን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከተማችን ውስጥ ባጃጅ ፈትተው የሚገጥሙ ልጆች አሉ። ሱባሩ ሞተሩን ይዞ እንደቀረበ፣ እኛም ፈተናውንና ማሻሻያውን ይዘን እንቅረብ።

ስም ማውጣቱንማ እንችልበታለን። የሚቀጥለው መኪና ላይ ከስሙ ሌላ ምን የእኛ ይሁን? እናንተም በሉበት።