ዘንቢልና ፌስታል

ልጆች ሆይ፥ ቀድሞ እናቶቻችን ወደ ገበያ ሲሄዱ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ዘንቢል ይይዙ ነበር። ዘንቢል ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ባረጀም ጊዜ በስብሶ አፈር ይሆናል። ፌስታል ግን ለጥቂት ሰዓት አገልግሎ ይጣላል፤ ቢቀብሩትም እንደ ቅጠል አይበሰብስም። ላም ከሣር ጋራ ብትውጠው ሆድዋ ሊፈጨው አይችልም፤ እየተከማቸም ይገድላታል። ደግሞ የውሃ መውረጃውን ይደፍናል፤ በክረምትም ጎርፉ ወደ ቤት ይገባል።

ይህን ጉዳት ለማስቀረት የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። ነገር ግን እንደ እኔ አሳብ ሕግ ብቻውን ልማድን አይለውጥም፤ የልማድ መጀመሪያው ቤት ነው።

ታዲያ ልጅ እናቱን «ለምን ፌስታል ያዝሽ» ብሎ ሊገሥጻት ይገባዋልን? አይገባውም። ይልቅስ እናቱ ወደ ገበያ ስትነሣ ዘንቢሉን ከተሰቀለበት አውርዶ «እማዬ፥ እኔ ልያዝልሽ» ይበላት፤ ሲመለሱም ሸክሙን ያግዛት። እናቱ ደስ ይላታል፤ ጎረቤትም አይታ ዘንቢልዋን ታወጣለች። ተግሣጽ ከሰማ ሰው ይልቅ መልካም ሥራ ያየ ሰው ፈጥኖ ይማራልና።