አዲሱን ዝቅ አድርጉልን!

የጓደኛችን መልስ ላይ የሙዚቃው ኃላፊነት እኛ ላይ ወደቀ። ዲጄ ለመቅጠር በጀቱ አልፈቀደማ! ሦስት ሆነን፣ አንድ ላፕቶፕ ከበን፣ የአንድ ሰዓት ሚክስ ቀዳን። ለእናቶች የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»፣ ለእኛ ቢጤዎች ደግሞ የዘንድሮ ዘፈኖች። ምን ችግር አለው ብለን ነበር።

ማህሙድ ሲገባ አዳራሹ ቀዘቀዘ። የሙሽራዋ አክስት «ምነው ልጆች፣ ከፍ አድርጉት እንጂ!» አሉ። ከፍ አደረግን፤ እስክስታው ደመቀ። ወዲያው ተከትሎ የገባው ግን የዘንድሮው ነበር … ስፒከሩ አንባረቀ፣ አያትየው ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። እኛም አብረናቸው ብንወጣ በወደድን።

ሙሽራዋ ግን ሚክሱን በፍላሽ ስጡኝ አለች። ልናስተካክለው ተቀመጥን። መጀመሪያ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግን፦ ማህሙድን ገፍተን ከዘንድሮዎቹ እኩል አስጮህነው። ሊሚተር የሚባለው ነገር ጎላ ጎላ ያለውን ጫፍ ይጫነውና የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ ለመግፋት ቦታ ይከፍታል። እኩልስ ሆነ። ስንሰማው ግን ሳክስፎኑ፣ ከበሮውና ዘፋኙ አንድ ላይ ፊታችን ላይ ይጮኻሉ። የሸክላው ጭረት እንኳ ድፍረት አግኝቶ አብሮ ይዘፍናል!

ጥፋቱ የዘፈኑ አይደለም። «ኧረ መላ መላ» በ1975 እ.ኤ.አ. በካይፋ ሪከርድስ ሲወጣ ማህሙድን ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር። ያኔ ባንድ አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሲቀዳ፣ ቀስ የሚለው ቀስ እንዳለ፣ የሚጎላው ጎልቶ ይቀራል። በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ራሱ ሙዚቃው ነው። የዛሬው ዘፈን በአብዛኛው ገና ከስቱዲዮ ሳይወጣ ተጨምቆ ያለቀለት ነው። ጭመቃው እኛ ጋ ብቻ አይደለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» ሲወጣ የባንዱ አድናቂዎች ሳይቀሩ አማርረዋል።

ደግሞ ለምን ይጮሃል? ስፖቲፋይ ቅንብሩን ካልነካችሁት ዘፈኖችን ወደ -14 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) ያስጠጋቸዋል። ዩቲዩብም ከልክ በላይ የሚጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል። ያን ሁሉ ተጨንቃችሁ የጨመቃችሁት ዘፈን መጨረሻው መቀነስ ነው ማለት ነው። ጉላቱ ሄዶ ጭመቃው ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ገለበጥነው። ማህሙድን ሳንነካ የዘንድሮዎቹን በጌይኑ ዝቅ አደረግናቸው። በእኛ ቅጂ 6 ዴሲቤል ያህል ፈልጎ ነበር፤ በእናንተ ይለያያል። ኮምፒውተሩ የሚስለውን ማዕበል አትመኑ፤ ጆሯችሁን ዘፋኞቹ ላይ አድርጉና ሁለቱ ከእኩል ርቀት የሚያወሩ እስኪመስሉ አስተካክሉ። ባሱም እንደዚሁ ነው። አሮጌው ቅጂ ላይ የሌለ ባስ ቢጨመር የሚመጣው ጉርምርምታ ነው፤ ከአዲሱ ባስ መቀነስ ይሻላል። በመጨረሻ ሚክሱን በሙሉ አንድ ላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የምትቀዱበት ፋይል ግን ንጹሕ ይሁን። ከካሴት የተቀዳ ካሴት፣ ከዚያም ከኢንተርኔት የተለቀመ ኤምፒስሪ በምንም አይድንም። ይሄ ዘፈን እንደሆነ በፍራንሲስ ፋልሴቶ በተዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ሰባተኛ ጥራዝ ላይ አለ፤ ሰበብ የለም።

«ክለብ ውስጥ ድምፅ ካነሰ ሰው ይቀመጣል» የሚሉን ዲጄዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እኮ ክለቡ ቮልዩም መጨመሪያ አለው! ቀረጻው ላይ የተጨመቀውን ግን የሚመልስ ቁልፍ የለም።

የሚያናድደን ሌላ ነው። ወላጆቻችን ማህሙድን የሰሙት ከሸክላ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን የሰማነው ሚኒባስ ውስጥ ከሚክስ ነው፤ ሥሩ አዲስ ከበሮ ተነጥፎበት፣ በየስንኙ የዲጄው ስም እየተጮኸበት። ከዚያ አንዱ እኩያችን «የድሮ ዘፈን ድምፁ አይጠራም» ይላል። በ1975 የነበሩት ሰዎች ምን አደረጉ? ያበላሸነው እኛ!

ፍላሹን ለሙሽራዋ ሰጠናት። አክስቷም ለራሳቸው አንድ ቅጂ አዘዋል … የዘንድሮዎቹ ወጥተውበት።