ፎንቱን ስንቀይር ጽሑፉን እንዳንጥል

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእድራችንን የቆየ ሰነድ ፍለጋ አራት ሰዎች አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀመጥን። ጉዳዩ የዋዛ አልነበረም። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት እድሩ የሚከፍለውን ገንዘብ ይጠብቃሉ። ሟቹ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ኋላ ግን ወደ ሌላ ግዛት ተዛውረዋል። መብታቸው የሚታየው በ1988 ዓ.ም. በጸደቀው ደንብ ነው፤ የታተመው ቅጂ ጠፍቶ የቀረን በሲዲ ያለው ፋይል ብቻ ነው። ከፈትነው። የወጣው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና ጭረት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ነበር። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ማለት ይኼኔ ነው።

አብሮን የነበረ የኮምፒውተር ተማሪ "ጋሼ፣ ችግሩ የፎንቱ ነው፤ ወደ አዲስ ፎርማት ልቀይረው" አለኝ። ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ሲዲው ላይ አለ፤ ግን የዛሬ ፕሮግራሞች የማይቀበሉት የድሮ ታይፕ 1 ነው። ልጁ ወደ ኦፕንታይፕ ቀይሮ ጫነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ታየን፤ አጨበጨብንለት። አንቀጹን ገልብጦ በቴሌግራም ለሊቀ መንበሩ ሲልክላቸው ግን ያው ዝባዝንኬ ተመልሶ መጣ።

ስህተቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን ነው የምናየው። የፎንት ፎርማት ማለት ዕቃው ነው። ታይፕ 1ን አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1984 አወጣው፤ ትሩታይፕ በ1991 ከአፕል መጣ፤ ኦፕንታይፕን ማይክሮሶፍትና አዶቤ በ1996 አስታወቁ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር የፊደሉን ቅርጽ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ነው። ጽሑፉ ውስጥ የተቀመጠው ግን ቅርጹ ሳይሆን የፊደሉ ቁጥር ነው፤ እሱን የፎርማት ለውጥ አይነካውም። ጆንያውን ብትቀይር እህሉ ያው እህል ነው።

ቁጥሩ ለምን ተዘባረቀ? የድሮ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም የተወሰነው ለኮምፒውተሩ ለራሱ ሥራ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል። እነ ቧን፣ እነ ሟን፣ አኃዙንና ሥርዓተ ነጥቡን ስንጨምርበት ቦታው አይበቃም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች የየራሳቸውን ብልሃት ፈለጉ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ አገጣጠመው። አንዱ በእንግሊዝኛው "ቢ" ቦታ "በ"ን ሲያስቀምጥ ሌላው ሌላ ፊደል አስቀመጠ። ልንወቅሳቸው አይገባም፤ ያኔ የጋራ ቁጥር አልነበረም። በስደት ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ለመታተም የበቃው በእነሱ ድካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። "ሀ" የትም አገር፣ በየትኛውም መሣሪያ "ሀ" ሆነች። ዛሬ በስልካችን በአማርኛ የምንጻጻፈው በዚህ ነው። የድሮው ፋይል ግን በራሱ ጊዜ ወደዚህ አይሻገርም፤ ሰው ማሻገር አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ? የእኔ አስተያየት ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ዋናውን ፋይልና ፎንቱን አብረን እናስቀምጥ። ፎንቱ የሰነዱ ቁልፍ ነው። የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚይዝ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ መቀየር ያለበት ጽሑፉ ነው። ፎንትፎርጅ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፎንቱን ከፍቶ በየቦታው ያለውን ፊደል ያሳያል። ያንን ከዩኒኮድ ቁጥሩ ጋር አዛምዶ ሠንጠረዥ ማውጣት ነው፤ የቀረውን አጭር የፓይተን ፕሮግራም ይሠራዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰነዱን መጀመሪያ ፎንት አልባ ጽሑፍ አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡት፤ የትኛው ቃል እንግሊዝኛ፣ የትኛው አማርኛ እንደነበረ መለያው ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ በዚያው አጋጣሚ ፊደል ለማረም አንቸኩል። "ሠ"ን ሁሉ "ሰ"፣ "ኀ"ን ሁሉ "ሀ" እናድርገው የሚሉ አሉ። የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ፤ የታሪክ ሰነድም እንዲሁ።

አራተኛ፣ የሰው ንብረት እናክብር። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ በፈቃዱ መሠረት ማሻሻልና ማሰራጨት ይቻላል። የሚሸጡትን ግን ፈቃዳቸውን ሳናነብ ቀይረን ለሕዝብ ማደል ልክ አይደለም። ለባለቤቶቹም አንድ ልመና አለኝ፦ ፎንቱን በነፃ ስጡን አልልም፤ የድሮ ፎንቶቻችሁን የቁጥር ሠንጠረዥ ግን ለሕዝብ ክፍት አድርጉልን። ከገበያችሁ ምንም አይቀንስባችሁም፤ የብዙ ማኅበራትን ማኅደር ግን ያተርፋል።

"ስካን አድርገን ፒዲኤፍ ብናደርገውስ?" የሚል አይጠፋም። ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፎቶ ውስጥ ቃል ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ማየት ለተሳነው ወገናችንም ኮምፒውተሩ አያነብለትም። በድሮ ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍም ቢሆን ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ሲገለበጥ ብዙውን ጊዜ ያው ዝባዝንኬ ነው።

ወደ እድራችን ልመለስ። ያ ተማሪ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ሠንጠረዡን ጨርሶ ደንቡን ቀየረው። የሚፈለገው አንቀጽ ወጣ፤ መሥራች አባል ወደ ሌላ ግዛት ቢዛወር መብቱ "ይቀነስም" ይላል። ግራ ገባን። ይቀነስ ነው ወይስ አይቀነስም? የያኔው ጸሐፊያችን፣ አሁን አዛውንት ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አዩና "ልጄ፣ እዚህ ጋ 'አ' ወድቃለች" አሉ። ልጁ ሲያየው እውነትም ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ቁጥር ዘሏል። በዋናው ፋይል "አይቀነስም" ነበር። እናታችን ሙሉውን ገንዘብ ተቀበሉ።

ያቺን "አ" ያገኛት ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ደንቡን በእጃቸው የጻፉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየከተማችን አሁንም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። ሠንጠረዥ መሥራት የሚችሉ ልጆችም አሉን። እንግዲህ የእናንተ እድር፣ የማኅበራችሁ ቃለ ጉባኤ፣ የአባታችሁ ያልታተመ ጽሑፍ በየትኛው ሲዲ ላይ ነው ያለው? ሁለቱን ትውልድ አንድ ቅዳሜ ከአንድ ላፕቶፕ ፊት አስቀምጧቸው። ዓመት ሳይሞላ ብታደርጉት ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።