ፍንጭት ጥርስን መዝጋት፦ ሐራም ነው ወይስ ሕክምና?



ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ለአንዳንዱ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ወጣቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁን በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥን። ጥያቄው ይህ ነው፦ «የፊት ጥርሴ ፍንጭት ነው። መዝጋት እፈልጋለሁ። የሚወልቅ የጥርስ ማስተካከያ በስልኬ አይቼ ላዝዝ አስቤያለሁ። የአላህን ፍጥረት መለወጥ ይሆንብኛል ወይ?»

አጭሩን መልስ እናስቀድም። ፍንጭት በራሱ ጉድለት አይደለም። ጉድለት ወይም በሽታ የሆነ ጊዜ ግን ማከም ይቻላል። ሕክምናው ደግሞ በሐኪም እጅ ይሁን እንጂ ከስልክ ላይ በታዘዘ ላስቲክ አይሁን። ከእነዚህ ሦስት ነገሮች በጣም የሚያሳስበን የመጨረሻው ነው። ሰዉ ስለ ሐላልና ሐራሙ ሲከራከር፣ ጤነኛ ጥርስ ሊያሳጣ የሚችለው ነገር ሳይነገር ያልፋል።

መጀመሪያ ከአገራችን እንነሳ። እኛ ጎንደሬዎች ፍንጭትን በውበት ነው የምናውቀው። ከአራዳ እስከ አዲስ ዓለም ብትጠይቁ፣ «ፍንጭት ናት» ሲባል ማሞገስ እንጂ መስደብ አይደለም። ፍንጭት ጥርስ ያልተዘፈነለት ዘመን የለም። ልጃገረዶችም ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ንቅሳቱ በብዙ እናቶቻችንና አያቶቻችን ድድ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ታዲያ የትናንቱ ውበት ዛሬ እንዴት ማፈሪያ ሆነ? ከስልክ መስታወት ላይ ነው የመጣው። በቪዲዮ የምናያቸው ሰዎች ጥርሳቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የገጠመ፣ የነጣ፣ እንደ ሸክላ የተደረደረ። ልጁ ያንን አይቶ ወደ ራሱ ሲመለስ ፍንጭቱ እንደ በሽታ ይታየዋል። የተለወጠው ጥርሱ ሳይሆን ዓይኑ ነው።

ኢማም አት-ቲርሚዚ ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገጽታ በሰበሰቡት «ሸማኢል» ውስጥ፣ በሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው መካከል ክፍተት እንደነበር የሚገልጽ ዘገባ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ተላልፏል። ዑለሞች በሰነዱ ላይ የተነጋገሩበት ዘገባ ነው። ቢሆንም ይህን የዘገቡ ሰዎች ክፍተቱን በነውር ሳይሆን በመልክ ማማር ውስጥ ነው የቆጠሩት። ወንድሜ፣ በፍንጭትህ የምታፍር ከሆነ ይህን አስብ።

አሁን ወደ ሑክሙ እንሂድ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) የዘገቡት ሐዲስ ነው። እርግማኑ የሚነቅሱና የሚነቀሱ ሴቶችን፣ ቅንድብ የሚያስነቅሉትን፣ እንዲሁም ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚያፈነጭቱትን ይጨምራል፤ ምክንያቱም የአላህን ፍጥረት መለወጥ ተብሎ ተገልጿል። ልብ በሉ! ሐዲሱ ላይ የተወገዘው ጥርስን ሞርዶ ፍንጭት መፍጠር ነው። በዚያ ዘመን በዕድሜ የገፉ ሴቶች ወጣት ለመምሰል ያደርጉት እንደነበር ዑለሞች አብራርተዋል። የኛ ወጣቶች ጥያቄ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ያለውን ክፍተት መዝጋት።

«ተገላቢጦሽ ስለሆነ አይመለከተንም» ብሎ ማለፍ ግን ትክክል አይደለም። የሐዲሱ መሠረት የክፍተቱ መከፈት ወይም መዘጋት አይደለም። ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) ሶሒሕ ሙስሊምን ሲያብራሩ፣ «ለውበት» የምትለዋን ቃል ይዘው ነጥቡን አስቀምጠውታል። የተከለከለው ውበት ፍለጋ ብቻ የሚደረገው ነው፤ ለሕክምና ወይም በጥርሱ ላይ ላለ ጉድለት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ችግር የለበትም። ለዚህ ድጋፍ የሚሆን ሌላም ዘገባ አለ። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ የተባሉ ሶሐባ በጃሂልያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። የብር አፍንጫ ቢያሠሩም ሸተተባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ለወንድ ወርቅ ማጌጥ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ጉድለትን ለመጠገን ሲሆን ተፈቀደ። ስለዚህ ጉድለትን ወደ ተፈጥሯዊ ሁኔታው መመለስ ፍጥረትን ከመለወጥ አይቆጠርም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ፍንጭቴ ጉድለት ነው ወይስ መልክ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ኪታቡ ወደ ሐኪሙ ይመራናል። የክፍተት መነሻው ብዙ ነው፦

አንዳንዱ ሰው መንጋጋው ሰፊ፣ ጥርሱ ትንንሽ ሆኖ ይፈጠራል። ይህ በአብዛኛው መልክ እንጂ በሽታ አይደለም።

አንዳንዱ የላይኛውን ከንፈር ከድዱ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ወፍሮና ዝቅ ብሎ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ይገባል።

አንዳንዱ ከፊት ጥርሶቹ አጠገብ መብቀል የነበረበት ጥርስ ሳይበቅል ቀርቶበታል፤ ወይም ትርፍ ጥርስ ድድ ውስጥ ተደብቆ ሁለቱን ይገፋቸዋል። ይህን የሚያሳየው ራጅ ብቻ ነው።

ሕፃን ሳለ ጣቱን ሲጠባ የኖረ፣ ወይም ሲውጥ ምላሱን በጥርሱ ላይ የሚገፋም አለ።

ከሁሉም አሳሳቢው ግን በትልቅ ሰው ላይ ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት ሲከፈት ነው። ድዱ እየደማ፣ ጥርሱ እየተራራቀና እየተነቃነቀ ከመጣ ይህ የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው የሚያስፈልገው የድድ ሕክምና ነው። ድዱ ሳይድን ጥርሱን ቢገፋው ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

ወላጆች ደግሞ ይህን እወቁ። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ የወተት ጥርስ ወልቆ አዲሱ ሲበቅል የፊት ጥርሶች ተራርቀው ቢታዩ ብዙ ጊዜ የተለመደ ነው። ክራንቻዎቹ ሲወርዱ ክፍተቱ በአብዛኛው በራሱ ይጠባል። በልጁ ላይ አትሳቁበት፤ ገንዘባችሁንም ለማስዘጋት አትቸኩሉ።

አሁን ስለሚወልቀው ማስተካከያ እንናገር። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ በዓለም ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቆየው ዓይነት በላንቃ ላይ የሚያርፍ ፕላስቲክ ሲሆን በፊት ጥርሶች ላይ የሚያልፍ ሽቦና ጥርሱን ቀስ ብለው የሚገፉ ትንንሽ የሽቦ ሞላዎች አሉት። አዲሱ ዓይነት በጥርሱ ልክ የተሠራ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ አላይነር ይሉታል፤ በየጊዜው በአዲስ ይቀየራል። ሁለቱም የሚሠሩት ከራሱ ሰው አፍ በተወሰደ ልክ ነው። ጥርስ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይሄድም። አጥንቱ በአንድ በኩል እየሟሟ በሌላ በኩል እየተተካ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ከሄደ መልካም ነው። አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ለሠርግ ወይም ለፎቶ ብቻ የሚያደርገው ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

ገደቡንም እንወቅ። ከላንቃ የሚያርፈው ዓይነት ጥርሱን ያዘነብለዋል እንጂ ከነሥሩ አያዛውረውም። ስለዚህ ትንሽ ክፍተት ይዘጋል፤ ለትልቁ ወይም ለውስብስቡ በጥርሱ ላይ የሚታሰረው ብሬስ ወይም ሌላ ሕክምና ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ የተዘጋ ፍንጭት ተመልሶ መከፈት ይወዳል። ከሕክምናው በኋላ የሚይዘውን ሪቴይነር ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ማታ ማታ ለዓመታት ማድረግ ግድ ይላል። ይህን ሳይነግርህ «በሦስት ሳምንት ይዘጋል» የሚልህ ሰው እየሸጠልህ እንጂ እያከመህ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ። በስልክ የሚታይ «ዘዴ» አለ፤ ሁለቱን የፊት ጥርሶች በትንሽ ላስቲክ ማሰር። ርካሽ ነው፣ ሐኪም አይጠይቅም፣ በቀናት ውስጥ ክፍተቱ የጠበበ ይመስላል። እህቴ፣ ወንድሜ፣ ይህን አታድርጉ! የፊት ጥርስ ወደ ድዱ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ሥሩም ወደ ጫፉ እየሾለ ይሄዳል። ላስቲኩ ወደ ቀጭኑ ይንሸራተታል፤ ድድ ስር ይገባል፤ ከዚያም ሥሩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ከዓይን ይጠፋል፤ ሰውየው የወደቀ ይመስለዋል። ላስቲክ በራጅም በቀላሉ አይታይም። እዚያ ሆኖ ጥርሱን ከአጥንት ጋር ያያያዘውን ሥጋና አጥንቱን ራሱን ያበላሻል። ድዱ ያብጣል፣ ጥርሶቹ ይረዝማሉ፣ ይነቃነቃሉ፤ መጨረሻው ሁለት ጤነኛ ጥርሶችን ማጣት ሊሆን ይችላል። ይህ በጥርስ ሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ የተመዘገበ ጉዳት ነው፤ የአሜሪካ የጥርስ ማስተካከል ሐኪሞች ማኅበርም ሕዝቡን አስጠንቅቆበታል።

«ለሁሉም ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠው የሲልከን ማስተካከያም እንዲሁ ነው። የሁለት ሰው አፍ አንድ አይደለም። ልክህን ያላየ ፕላስቲክ የትኛውን ጥርስ ወዴት እንደሚገፋ አያውቅም። ሠልጥነዋል በምንላቸው አገሮችም ቢሆን ጥርስን በፖስታ ማከም አላዋጣም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው ስማይል ዳይሬክት ክለብ ማስተካከያውን በቀጥታ ወደ ደንበኛው ቤት ይልክ ነበር። በ2023 መጨረሻ ከስሮ ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ሰዎች መሐል ላይ ቀሩ። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ከማናውቀው የቴሌግራም ሻጭ ገዝተን ብንጎዳ ማንን እንጠይቃለን?

አካላችን አላህ ዘንድ የምንጠየቅበት አማና ነው። ራስን ወደ ጥፋት መጣል ተከልክሏል። ስለዚህ ኒያው ሐላል ቢሆን እንኳ መንገዱ ጎጂ ከሆነ መንገዱ ራሱ አይፈቀድም።

ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ወዴት ይሂድ? በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጥርስ ክሊኒክ አለው፤ መጀመሪያ እዚያ ታይቶ መነሻውን ማወቅ ይቻላል። በጥርስ ማስተካከል ብቻ የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት አራት ነገር ጠይቅ፦ የክፍተቴ መነሻ ምንድን ነው? ድዴ ጤነኛ ነው? ስንት ወር ይፈጃል፣ ጠቅላላ ወጪውስ ስንት ነው? ከተዘጋ በኋላ በምን ይያዛል? እነዚህን ሳይመልስ ገንዘብ የሚቀበልህን ተወው።

ማስተካከያ ላደረጉ ደግሞ ጥቂት ነገር እንጨምር። የሚወልቅ ስለሆነ ለውዱእ አውጥቶ መጉመጥመጥ ይቻላል፤ በዚያው ማጠብ ይለመድ፤ ግን በፈላ ውኃ አይታጠብ፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ጾምን አያበላሽም፣ የሚዋጥ ነገር የለውምና። እንዲያውም በረመዷን ቀን ምግብ ስለሌለ አፍ ውስጥ ለማቆየት ይመቻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምላስ ስለሚያስቸግር ሲን፣ ሷድና ዛይ ይንሻፈፋሉ፤ ቁርኣን ድምፅ አሰምቶ መቅራት ምላስን ቶሎ ያስለምዳል። እስኪለምድ ድረስ ለሶላት ቢያወልቀው መልካም ነው። መፋቂያንም አትርሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኡመታቸው ላይ ማክበድ ባይሆንባቸው ኖሮ በየሶላቱ ሊያዙን የነበረ ሱና ነው። ፍንጭትም ሆነ ግጥም፣ ያልጸዳ ጥርስ አያምርም።

በመጨረሻ፣ ይህ ነገር የጥርስ ብቻ አይደለም። ክፍተቱ ከመስፋቱ የተነሣ ንግግሩ የተበላሸ፣ ሰው ፊት አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ወጣት አለ። እርሱን «ፍጥረትህን ልትለውጥ ነው» ብለን ማሸማቀቅ ዒልም አይደለም። መታከም መብቱ ነው። ትንሽ ፍንጭት ያላትን እህት ደግሞ «ብታስተካክይው ያምርብሽ ነበር» የምንል እኛው ነን ወደ ላስቲኩ የምንገፋት። ለኒካሕ ስትጠይቋትም ጥርሷን አትቁጠሩ፤ ዲኗንና ጠባይዋን ተመልከቱ። ድዳቸው የተነቀሰ እናቶቻችንም ሳያውቁ በባህል ያደረጉት ነውና ማንም እንዳይነካቸው።

አላህ መልካችንን እንዳሳመረው ጠባያችንንም ያሳምርልን። ጠቃሚውን ዒልም ይወፍቀን፣ ከጎጂ ነገርም ይጠብቀን። ላስቲክ ያሰረ ወይም ሊያስር ያሰበ የምታውቁት ካለ ይህን አድርሱት፤ ያሰረ ካለ ዛሬውኑ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂድ። ወሏሁ አዕለም።