በልጆች እርምጃ ልክ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ቤት ውስጥ ኑሮ ነው። ዛሬ ግን ከቤት ወጣ ብለን ስለ ዕረፍት ጉዞ፣ ያውም ትንንሽ ልጆችን ይዞ በባለ ሸራ ጀልባ ስለሚደረግ ጉዞ እናወራለን። «ጀልባ ማን አለውና ነው?» እንዳትሉኝ። ታሪኩ የጀልባ ይሁን እንጂ ጥያቄው የሁላችንም ነው። የቤተሰብ ዕረፍት ሲታቀድ የሚለካው በማን አቅም ነው?

እኔና ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት የኖርነው በኔዘርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የበጋ ወራት ትልቋ ልጃችን ስድስት፣ ትንሹ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኔ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሁለት በጋ ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሸራ መዘርጋትና መጠቅለል ተምሬአለሁ። ታዲያ በዚያ ዓመት «ዕረፍታችንን በጀልባ ላይ እናሳልፍ» አልኩና ለአንድ ሳምንት የምትሆን፣ ከታች መኝታና ትንሽ ማብሰያ ያላት ባለ ሸራ ጀልባ ተከራየሁ።

የሄድነው በአገሪቱ ሰሜን ወደሚገኘው ወደ ፍሪስላንድ ነው። ፍሪስላንድ ሐይቆቹ በቦይ የተያያዙበት አውራጃ ነው። አብዛኞቹ ሐይቆች ጥልቀታቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ነው። እንደ ባሕር ውኃው አይሞላም፣ አይጎድልም። ጥቂት ኪሎ ሜትር በተጓዙ ቁጥር ጀልባ የሚታሰርበት መንደር ይገኛል። ስለዚህ ልጆች ያሏቸውና ገና ጀማሪ የሆኑ ቤተሰቦች ይመርጡታል። ደግሞም በኔዘርላንድ ሕግ ርዝመቱ ከ15 ሜትር በታች የሆነና በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የማይፈጥን የመዝናኛ ጀልባ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ሕጉ አልጠየቀህም ማለት ግን ትችላለህ ማለት አይደለም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የእኔ ዕቅድ

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መንገዱን በእርሳስ አሠመርኩ። ቴርሄርነ ከምትባለው መንደር ተነሥተን ስኔከርሜር የሚባለውን ሐይቅ እናቋርጣለን፤ ከዚያም በቦዩ ወደ ሌመር ወርደን ወደ ትልቁ አይሰልሜር እንወጣለን፤ እርሱን ተሻግረን ኤንክሃውዘን የምትባለውን ጥንታዊ ከተማ አይተን በሰባተኛው ቀን እንመለሳለን። አይሰልሜር እስከ 1932 ድረስ የባሕር ወሽመጥ ነበር። በዚያ ዓመት 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ግድብ ሲዘጋው ቀስ በቀስ የጣፋጭ ውኃ ሐይቅ ሆነ። ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱም አነስተኛ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣ አጫጭርና ቀጥ ያሉ፣ ጀልባን የሚያናጉ ሞገዶች ይፈጠሩበታል።

ባለቤቴ ካርታውን አየችና «ይህን ሁሉ ሰዓት ልጆቹ ምን ይሠራሉ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ልጆች አይደሉ? ይለምዱታል» አልኳት። ውይይታችን በዚሁ አበቃ።

የልጆቹን የመንሳፈፊያ ጃኬት የገዛሁትም እኔ ነበርኩ። ለትንሹ ልጃችን ከክብደቱ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን መረጥኩ። መቼም እኛ ዘንድ ለልጅ ጫማም ሆነ ኮት ሲገዛ «ያድግበታል» ይባላል። ባለቤቴ ጃኬቱን አልብሳው ቆለፈችለትና ትከሻው ላይ ይዛ ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። ጃኬቱ እስከ ጆሮው ወጣ፣ ልጁ ግን እዚያው መሬት ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይሄ ጃኬት የሚያድነው ራሱን ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ጃኬቱን መልሰን በክብደቱ ልክ የሆነውን፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን፣ ከራሱ በስተ ኋላም ሰፊ ኮሌታ ያለውን ቀየርንለት። ለልጆች የሚመረጠው 100 ኒውተን የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ውኃ ውስጥ የወደቀን ልጅ ፊቱ ወደ ሰማይ እንዲሆን አድርጎ እንዲያገላብጥ ታስቦ የተሠራ ነው። 50 ኒውተን የሚባለው ደግሞ ዋና ለሚችሉ ሰዎች እንጂ ለሕፃን አይሆንም። ከዚያም ሐይቁ ዳር ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይዘነው ገብተን አንሳፍፈን አየነው፤ እርሱ እንደ ጨዋታ ቆጥሮት ይስቅ ነበር። ትልቋ ልጃችን «እኔማ ዲፕሎማ አለኝ» ብላ ተከራክራን ነበር። በኔዘርላንድ ልጆች የዋና ዲፕሎማ የሚያገኙት በሦስት ደረጃ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ለማግኘት ልብስ ለብሰው ጭምር ይዋኛሉ። ቢሆንም ጃኬቱን ለበሰች። እኛም አብረናቸው ለበስን፤ ወላጅ ያልለበሰውን ልጅ ልበስ ቢሉት አይሰማምና።

ሁለተኛው ቀን

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የአየር ትንበያው የነፋሱ ኃይል 5 እንደሚሆን ተናገረ። ይህ ማለት በሰዓት ከ29 እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ የሞገዱን አናት ነጭ የሚያደርግ ነፋስ ነው። ባለቤቴ ሰማዩን አየችና «ዛሬ እዚሁ ብንውልስ?» አለች።

«ዛሬ ከዋልን ኤንክሃውዘን አንደርስም። ዕቅዱ ተበላሸ ማለት ነው» ብዬ ገመዱን ፈታሁ።

ነፋሱ የሚመጣው ልንሄድበት ካሰብንበት አቅጣጫ ነበር። ግማሽ ሰዓት እንደ ሄድን ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ተጋደመች። ከታች ድስቱና ሳህኑ ወለሉ ላይ ተበተነ። ትንሹ ልጅ ጩኸቱን ለቀቀው። ትልቋ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ወዲያው አስመለሳት። ባለቤቴ አንዱን በግራ፣ አንዷን በቀኝ እጇ አቅፋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። «ገመዱን ያዢልኝ» ልላት ፈልጌ አየኋትና ዝም አልኩ፤ በየትኛው እጇ ትይዘዋለች?

አንድ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በካርታው ላይ ሳሠምር የቆጠርኩት ሁለት አዋቂ ሰው ነበር። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ጀልባ ላይ ግን ነፋስ ሲበረታ የሚሠራው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ልጆቹን ይይዛል። ሸራውን አጥፌ ማሳነስ የነበረብኝ ወደብ ሳለሁ ነበር። አሁን መሪውን በአንድ እጅ፣ ገመዱን በሌላው ይዤ ስታገል ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ።

በዚህ መካከል ልጄ በቀጭን ድምፅ «አባዬ፣ መሬት መቼ ነው የምንደርሰው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። የጀልባዋን አፍንጫ አዙሬ ነፋሱን ከኋላ አድርጌ ወደ መጣንበት መንደር ተመለስኩ።

ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ ያን ማታ ልጃችን መሬት ላይ ቆማ «ነገ እኔ አልሄድም» አለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቁርጥ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ተናግሬ አለመሰማቴ ነው»

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጥን። እኔ ስለ ኪራዩ ገንዘብና ስለ ጠፋው ቀን አጉረመረምኩ። ባለቤቴ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ነፋሱን እለምደዋለሁ። ያስፈራኝ ተናግሬ አለመሰማቴ ነው» አለችኝ።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህ ቃል ከጀልባው መናጋት ይልቅ አናወጠኝ። ጃኬቱን በተመለከተ ልክ የነበረችው እርሷ ነበረች። ነፋሱንም በተመለከተ ልክ የነበረችው እርሷ ነበረች። እኔ ግን ፍርሃት ብዬው አልፌዋለሁ።

በዚያች ሌሊት ወደ አእምሮዬ የመጣው ያዕቆብ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ከወንድሙ ከዔሳው ጋር ከታረቁ በኋላ፣ ዔሳው አብረን እንጓዝ ሲል ይጋብዘዋል። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ለጋ እንደ ሆኑ፣ ግልገል ያላቸው እንስሳትም እንዳሉት፣ አንድ ቀን እንኳ ቢጣደፉ መንጋው እንደሚያልቅበት ነግሮ፣ ወንድሙ ቀድሞ እንዲሄድ፣ እርሱም በእነርሱ አቅም ቀስ ብሎ እንደሚከተል ያስረዳዋል። ዔሳው አራት መቶ ሰዎች ይዞ ነበር። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እኩል ልራመድ ማለት ለያዕቆብ ኩራት በሆነ ነበር። እርሱ ግን የጉዞውን ፍጥነት በትንንሾቹ ለካው።

ጠዋት መጀመሪያ ባለቤቴን፣ ቀጥሎም ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁ። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ባህል የተለመደ ስላልሆነ ቃሉ ከአፌ ለመውጣት ተናነቀኝ። ጎንበስ ብዬ «ትናንት እማዬ ያለችውን አልሰማሁም፤ ተሳስቻለሁ» አልኳት።

«ነገስ ትሰማለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አዲሱ ሕግ

ካርታውን አጥፈን አስቀመጥነው። በምትኩ ሁላችንም የተስማማንበትን ሕግ አወጣን። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አንጓዝም። የነፋሱ ኃይል ከ4 ካለፈ ከወደብ አንወጣም። ከእኔና ከባለቤቴ አንዳችን «ዛሬ ይቅር» ካልን ይቀራል፤ ምክንያት አይጠየቅም። በጉዞ ላይ ደግሞ ልጅን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ በስም ይነገራል። «ሁላችንም እናየዋለን» ሲባል ማንም አያየውምና፣ «አሁን ልጁ አንቺ ጋ ነው»፣ «አዎ፣ እኔ ጋ ነው» እየተባባልን እንቀባበል ጀመር።

ሦስተኛውን ቀን መሬት ላይ አሸዋ ስንቆፍር ዋልን። በአራተኛው ቀን ሸራ ሳንዘረጋ በሞተር ብቻ በቦይ ውስጥ ቀስ ብለን ሄድን። ልጃችን እንድትሳፈር ያግባባት የድልድዩ ነገር ነው። በፍሪስላንድ ጀልባ እንዲያልፍ ድልድዩ ይነሣል፤ በዚያን ጊዜ በአንዳንድ ቦታ የድልድዩ ጠባቂ በረጅም ዘንግ ላይ የእንጨት ጫማ አንጠልጥሎ ወደ ጀልባው ያወርደው ነበር፤ ተሳፋሪው የማለፊያ ሳንቲሙን ጫማው ውስጥ ይጥል ነበር። ሳንቲም መያዝና መጣል የእርሷ ሥራ ሆነ። ትንሹ ደግሞ ድልድይ ሲያይ መጀመሪያ የሚጮኸው እርሱ እንዲሆን ተሾመ፤ ሥራውንም በትጋት ተወጣ።

ከመንደር ርቀው፣ በሣርና በሸምበቆ መካከል፣ ያለ ክፍያ እስከ ሦስት ቀን ጀልባ ማሰር የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ሁለት ሌሊት አደርን። ዓሣ ለማጥመድ ሞክረን አንድም አልያዝንም። በስድስተኛው ቀን ነፋሱ ለስለስ ሲል ትንሿን ሸራ ብቻ ዘርግተን ያንኑ ያስፈራንን ሐይቅ አንድ ሰዓት ያህል ተንሸራሸርንበት። ልጄ እጄ ላይ እጇን ጭና መሪውን ይዛ ነበር። ኤንክሃውዘንን አላየናትም።

ለእናንተም

ከእናንተ መካከል ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ ትኖራላችሁ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን፣ ለልጅ የሚሆን ልክም መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ሳትግደረደሩ ተመለሱ። ጃኬቱን አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ሳብ አድርጉት፤ ወደ ጆሮ ከወጣ አልሆነም። ነፋስ ሳይነሣ ሂዱ። ፀሐይ ከውኃው ላይም ስለሚያንጸባርቅ ኮፍያና የሚጠጣ ውኃ አትርሱ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ባልና ሚስት ተነጋገሩ። አንዳችሁ «ይቅርብን» ካላችሁ ሌላው እንደ ሽንፈት አይቁጠረው።

ልጃችን ዛሬ አድጋለች። ስለዚያ ጉዞ ሲነሣ ቶሎ የምታወራው ስለ እንጨቱ ጫማ ነው። ማዕበሉን ጠይቃችኋት እንደ ሆነ «አዎ፣ ተመልሰናል እኮ» ትላለች። ባለቤቴ በዚያች ቃል ፈገግ ትላለች፤ እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ።

በዚህ ዓመት ወዴት ለመሄድ አስባችኋል? ከመወሰናችሁ በፊት በቤታችሁ ቀስ ብሎ የሚራመደው ማን እንደ ሆነ እዩ፤ መንገዱንም በእርሱ እርምጃ ለኩት።